በስምሽ ሲጠሩኝ

ይድረስ ለውድ እህቴ፣ ከአንድ እናት ባንወለድም ለማላጣሽ።

ለመሆኑ እንዴት ነሽ? ባለቤትሽስ? ያቺ ተንኮለኛ ልጅሽ ጥርስ አበቀለች? ባለፈው ውርጩ ችግኞቼን ሊፈጅብኝ ነው ብለሽ ስትጨነቂ ነበርና፣ ከዚያ ወዲህ ምን እንደሆኑ ሳልሰማ ቀረሁ። የፖለቲካ ሳይንስ ተምራ ቲማቲም የምታሳድግ ሴት ከአንቺ ሌላ አላውቅም። ቢሆንም ከሁላችንም የዘራችውን በዓይኗ ያየች አንቺ ብቻ ነሽ። እኔ ደህና ነኝ። ደህና ነኝ ስልሽ እንደማታምኚኝም አውቃለሁ። ጥፍሬን መብላት አልተውኩም። ይህን ስጽፍልሽ እንኳ የቀረኝ አውራ ጣቴ ብቻ ነው።

የምጽፍልሽ ስለ ጋሽ እንበልና ነው። ስሙን ስታዪ ፊትሽ እንደሚለወጥ ይታየኛል፤ እባክሽ አጥፈሽ እንዳታስቀምጪው። አሁን ያሉት ተማሪዎች ይህን ቅጽል ስም አያውቁትም፤ ለእነሱ «ፕሮፌሰር» ናቸው። ክፍል ገብተው ጠመኔ ሳያነሡ «እንበልና ሁለት ሰዎች አንድ ወንበር ፈለጉ» ብለው የሚጀምሩት፣ ከዚያች አንዲት ወንበር መንግሥትን ከነጓዙ የሚያወጡት ሰውዬ፣ ለእኔና ለአንቺ ግን እስከ ዛሬ ጋሽ እንበልና ናቸው።

በክረምቱ መጨረሻ ስትሮክ መታቸው። እግራቸው ቶሎ ተመለሰ፣ ቀኝ እጃቸውም እየተፍታታ ነው። አልመለስ ያለው ንግግራቸው ነው። ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ሐሳቡ ሳይነካ እዚያው አለ፤ የሚጠፋባቸው ቃሉ ነው፤ ወይም በአንዱ ቃል ቦታ ሌላው ዘሎ ይገባል። የደም ግፊታቸውን ልትለካ የምትመጣዋን ነርስ «ታዛቢዋ መጣች» ይላሉ። እጃቸውን እያሳሳበ የሚያሠራቸውን ባለሙያ ደግሞ «ተቃዋሚ» ብለው ጠሩትና ሰውየው ምን በደልኩ ብሎ ደነገጠ። እትዬ፣ ባለቤታቸው ማለቴ ነው፣ መጀመሪያ ሰሞን ኮሪደር እየወጡ ያለቅሱ ነበር። አሁን «ዕድሜውን ሙሉ ምርጫ ሲያጠና ኖሮ ይኸው ቤቴን የምርጫ ጣቢያ አደረገው» እያሉ ይስቃሉ።

እኔንም በሌላ ስም ይጠሩኛል። በአንቺ።

መጀመሪያ ሆስፒታል ሳሉ ነው። አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብዬ ብርቱካን ስልጥ በስምሽ ሲጣሩ ሰማሁ። የመጣሽ መስሎኝ ዘወር ብዬ በሩን አየሁ። ማንም የለም። ደግመው ጠሩ፤ ዓይናቸው እኔ ላይ ነው። እትዬ በክርናቸው ጎሸም አደረጉኝና «አቤት በይው፤ ምን ይጎድልብሻል?» አሉኝ በሹክሹክታ። «አቤት ጋሼ» አልኩ። እንዲህ ብሎ የጀመረ ነው።

አልዋሽሽም፣ ከነከነኝ። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ የተማሪ ፈተና አብሬያቸው ያረምኩት እኔ፣ መጽሐፋቸውን ከማተሚያ ቤቱ ጋር እየተጨቃጨቅኩ ያወጣሁት እኔ፣ ዓይናቸው ሲደክም ያነበብኩላቸውም እኔ። ስሜ ከጠፋባቸው ይጥፋ፤ በቦታው ዘሎ የሚገባው የግድ የአንቺ መሆን ነበረበት? ልወቅስሽ ብዬ አይደለም። የምቆጣበት ሰው ሳጣ ጊዜ ነው።

እንዲህ ሆነን ሳለን ነው የምሁራን ማኅበራችን የዕድሜ ልክ ሽልማቱን ለእሳቸው ለመስጠት የወሰነው። ስለ ምርምራቸውም፣ ሰው ስለማፍራታቸውም ይላል። ደስ ሊለኝ ሲገባ ንግግሩን ማን ያደርጋል ብዬ ተጨነቅሁ። ሊቀመንበሩን ታውቂዋለሽ፤ ክራቫት ነው። አዎ፣ የእኛው ክራቫት፣ ለፈተና እንኳ አስሮ ይመጣ የነበረው። ደንቡ ሁለት ዙር ብቻ ይላል፤ እሱ ሦስተኛውን ይዟል። ምነው ሲሉት «ሁኔታው አስገድዶኝ» ነው የሚለው። ቢሮዬ ድረስ መጥቶ፣ ንግግሩን አንቺ ጻፊ፣ እኔ አነብላቸዋለሁ፣ እሳቸው ቁጭ ብለው እጃቸውን ለሰው ያሳያሉ አለኝ። ይህን የሚያክል ሰው አደባባይ ወጥቶ መሳቂያ እንዲሆን አንፈልግም አለ። እኔም ተስማማሁ። እንዲያውም ትከሻዬ ላይ የነበረ ነገር የወረደልኝ ያህል ቀለለኝ።

ለጋሼ ስነግራቸው ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። «የእኔ... የእኔ...» አሉ፤ ቃሉ አልመጣ ሲላቸው ጠረጴዛውን በመዳፋቸው መቱት። በመጨረሻ «ድምፅ!» አሉ። ድምፄን ለማንም አልሰጥም ማለታቸው ነበር። ሲያስተምሩ የኖሩት በኮሮጆ ስለሚገባው ድምፅ፣ አሁን የሚከራከሩት ከጉሮሮ ስለሚወጣው። ልስቅ ምንም አልቀረኝ፤ ፊታቸውን ሳይ ግን ተውኩት።

ልምምድ ጀመርን። አጭር ንግግር ጻፍኩላቸው፣ ፊደሉን አጉልቼ። «ክቡራን እንግዶች» የሚለው ገና መጀመሪያው ላይ «ክቡራን ድንቾች» ሆነ። እትዬ ኩሽና ውስጥ ሳቃቸውን ሲያፍኑ ይሰማኛል። ጋሼም ሳቁ። ደገሙት፤ አሁንም ድንቾች። እንደገና ሞከሩ፤ ያን ጊዜ ከኩሽናም ሳቅ አልተሰማም። ከዚያ ወዲያ መኪና ስሳፈርም፣ ክፍል ገብቼ ሳስተምርም የሚታየኝ ያ አዳራሽ ነው፤ ጋሼ ማይክራፎን ይዘው ቆመው፣ ያስተማሯቸው ሰዎች ከንፈራቸውን ነክሰው ሳቃቸውን ሲያምቁ።

አሁን የምነግርሽን ተቀምጠሽ አንብቢው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ እትዬ ገበያ ወጥተው ብቻችንን ስንለማመድ ወረቀቱን ወደ ጎን ገፋ አደረጉት። በስምሽ ጠሩኝ። «ስብሰባው...» አሉ። «እኔ... ዝም።» የትኛው ስብሰባ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። የጥናትሽ ርዕስ አደገኛ ነው ተብሎ የተሰረዘበት ነው። አማካሪሽ እሳቸው ነበሩ። የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ «አስተያየት ያለው?» ብሎ ሲጠይቅ፣ አንቺ ዓይን ዓይናቸውን ስታዪ፣ እሳቸው መነጽራቸውን ሲወለውሉ ከጎንሽ ሆኜ አይቻለሁ። በሳምንቱ ሻንጣሽን ይዘሽ ሄድሽ። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን ስለዚህ ነገር ሲያነሡ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

«ይቅር... ትይኛለሽ?» አሉኝ።

ምን ላድርግ? እኔ እሷ አይደለሁም ልበላቸው? ሐኪሙ አታስደንግጧቸው፣ ሁለተኛ ስትሮክ ከመጣ ከባድ ነው ብሎናል። «ይቅር ብያለሁ ጋሼ» አልኩ። በአንቺ ስም፣ ሳላስፈቅድሽ፣ የራሴ ያልሆነውን አንሥቼ ሰጠሁ። ያለቅሳሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አላለቀሱም። ለረጅም ጊዜ አዩኝና እጄን መታ መታ አድርገው «እሺ» አሉ። የተገላገለ ሰው ፊት ግን አልነበረም። ወረቀቱን መልሰው ወደ እኔ ገፉትና ልምምዱን ቀጠልን።

ከዚያ ቀን ወዲህ የምበላው አይጥመኝም። ላንቺ ልጻፍ እላለሁ፣ ምን ብዬ እላለሁ። የግብዣ ካርዱን የላክሁልሽ እኔ ነኝ። መልስ አለመስጠትሽ አሳዘነኝ፤ እውነቱን ንገሪኝ ካልሽ ግን ቀለለኝም። ብትመጪና አዳራሹ ውስጥ ቢያዩሽ እኔ ማን ልሆን ነው?

የሽልማቱ ቀን ደረሰ። አዳራሹ ሞልቷል፤ ወንበር ያጡ ተማሪዎች ግድግዳ ተደግፈው ቆመዋል። እኔ ሁለተኛው ረድፍ ላይ፣ የንግግሩን ቅጂ ጭኔ ላይ ዘርግቼ፣ ቢጠፋባቸው በከንፈሬ ላሳያቸው ተዘጋጅቼ። ክራቫት ስለ ጋሼ ተናገረ፤ ስለ ጋሼ ጀምሮ ስለ ራሱ ጨረሰ ማለት ይቀላል። ሽልማቱን ሰጣቸው። ጋሼ ማይክራፎኑን ያዙ። ወረቀቱን ከኪሳቸው አወጡ፣ ትንሽ አዩትና መልሰው ከተቱት።

«ክቡራን...» አሉ፤ ቆሙ። በሆዴ ድንቾች እንዳይሉ፣ ድንቾች እንዳይሉ እላለሁ። ዝም አሉ። ከኋላ የአንዱ ሳል ተሰማ። አንዷ ስልኳን አንሥታ መቅረጽ ጀመረች፤ ልነጥቃት ምንም አልቀረኝ። ክራቫት ፈገግ ብሎ ተነሥቶ ማይክራፎኑን ሊቀበላቸው እጁን ዘረጋ። ጋሼ እጁን ገፋ አደረጉት።

ከዚያ ጣታቸውን ወደ ፊተኛው ረድፍ ቀሰሩ፤ ከእኛ በፊት ያስመረቋት፣ ዛሬ ጠጉሯ የሸበተ ሴት ላይ። «አንቺ» አሉ። «ዝናብ... እየመታው... ሰው ለምን ይሰለፋል?»

ሴትዮዋ አፏን በእጇ ያዘች። የመመረቂያ ጥናቷ ጥያቄ ነው፤ ያኔ ይዛባቸው የመጣችው፣ ቃል በቃል። አዳራሹ ገና አልገባውም። ጋሼ ጣታቸውን ወደ ሌላው አዞሩ፣ ከዚያ ወደ ሌላው። የማናችንም ስም የላቸውም፤ ጥያቄያችን ግን አንድም ሳይጎድል አለ። አንዳንዱን ቃል ፈልገው እስኪያገኙት እንጠብቃለን፤ የሚስቅ የለም። የተጠራው ሰው ይነሣና ቆሞ ይቀራል። ክራቫት ጋ ሲደርሱ «አንተ» አሉት፤ «የተሸነፈ ሰው... ወደ ቤቱ... ለምን ይሄዳል?» ተማሪዎቹ ፈነዱ፤ አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እሱ ግን አልሳቀም። ክራቫቱን ላላ አድርጎ እንደ ልጅ አቀረቀረ። ያን ጥያቄ ይዞ ሲመጣ ምን ያህል ጎበዝ እንደነበር ትዝ ይለኛል፤ እሱም ትዝ ሳይለው አልቀረም።

ጣታቸው እኔ ላይ ደረሰ። ታውቂያለሽ የእኔን፦ ተጣልተው እያሉ ፓርቲዎች ለምን አብረው ይቆያሉ የሚል ነበር። ይህቺን ብቻ ይበሉልኝ ብዬ በልቤ ለመንኩ።

«አንቺ» አሉ። «ድምፁን የሰጠ ሰው... በኋላ... ለምን ዝም ይላል?»

የአንቺ ነው። ያ የተሰረዘው። ተነሥቼ ቆምኩ፤ ምን ላድርግ? ከጎኔ ያሉት አጨበጨቡልኝ፤ የትምህርት ክፍላችን ኃላፊ፣ የዛሬው ማለቴ ነው፣ ያ ሰውዬማ ጡረታ ወጥቷል፣ «ግሩም ርዕስ ነው፤ ለምን ወደ መጽሐፍ አልለወጥሽውም?» አለኝ። የአንቺን ጭብጨባ ቆሜ ተቀበልኩ።

ሲያልቅ ታክሲ ይዘን ወጣን። እትዬ ከሾፌሩ ጎን፣ እኔና ጋሼ ከኋላ፣ ሽልማቱ በመካከላችን። ትራፊክ መብራት ላይ ቆመን ሳለ ስም ጠሩ። «አቤት» ካልኩ በኋላ ነው ጆሮዬ የሰማው። በስሜ ነበር የጠሩኝ፤ ከታመሙ ወዲህ አንድም ቀን አፋቸው ላይ ያልመጣው፣ በራሴ ስም።

«እሷ... ትምጣ» አሉ። ትንሽ ቆዩና፣ «አንቺ... አትሂጂ።»

እትዬ ከፊት ሆነው ሰምተዋል፤ ዞረው ግን አላዩንም። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ሾፌሩ ነዳ። ያን ከሰዓት ይቅርታ ሲጠይቁ ማንን እያዩ እንደነበር አልጠየቅኳቸውም። እንድትጠይቂያቸውም አልፈልግም።

እህቴ፣ ነይ አልልሽም ብዬ ነበር፤ ይኸው አልኩሽ። ከሰዓት በኋላ ከሆነ ነቃ ያሉ ናቸው። ሲናገሩ ቃል አታቀብያቸው፣ ራሳቸው እስኪያገኙት ጠብቂ። ነርሷ እንደነገረችን ግፊታቸው ሰሞኑን ጥሩ አይደለም፤ እትዬም ትናንት መደርደሪያውን እያዩ «እነዚህን ሁሉ መጻሕፍት ማን ያነባቸዋል?» አሉኝ። አልመጣም ካልሽም አልፈርድብሽም። በስምሽ የሰጠሁትን ይቅርታ ግን መልሼልሻለሁ፤ የአንቺው ነውና እንደወደድሽ አድርጊው።

ልጅሽን ጉንጯን ሳሚልኝ። ውርጭ አይንካብሽ፤ ቤትሽ በሳቅ ይሙላ፤ የሰው ዓይን የማያየውን ጭንቀትሽን ሁሉ ፈጣሪ ያቅልልሽ። እኔንም አስቢኝ።

ሁልጊዜ ከጎንሽ ትቀመጥ የነበረችው
እህትሽ