ዳቦ የቀመሰ እንግዳ

ኖቬምበር 14

ታላይ ትናንት በራችን ድረስ መጥቶ ዳቦ ቀምሶ ሄደ።

እናቴ፣ እንዴት ሰነበትሽ? በረዶው ከጀመረ ወዲህ ጉልበትሽ እንዴት ነው? ከብቱስ ደህና ነው? ቀይዋ ላም ወለደች ወይስ ዘንድሮም ታስጠብቅሻለች? ወንድሜ ምድጃውን ካልጠገነልሽ ንገሪው፤ ጭስ ለዓይንሽ አይሆንም። እኛ ደህና ነን። የላክሽው ደርሶናል። የአይብ ድቡልቡሉ ቁሩት ላይ ዘንድሮ ጨው አብዝተሻል፣ አይቡ ግን ጥሩ ደርቋል። የበግ ሱፍ ቦቲው ለልጄ ለጂቤክ ልኳ ነው። አላደርግም ብላለች።

ይህን የምጽፍልሽ ፖሊስ ጣቢያ ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ነው። ወረቀቱ ኢንስፔክተሩ ቃሌን እንድጽፍበት የሰጠኝ ነው። ስልክ ያልደወልኩልሽ ቁጥሬን ስለጣልኩት ነው፤ አትቀየሚኝ።

የጥበቃ ትእዛዙን ታውቂዋለሽ። ታላይ መትቶ ግራ ጆሮዬን ያደነቆረኝ ጊዜ እዚያ የወረዳው ዳኛ የሰጠኝ ነው። ወደ እኔም ወደ ልጂቱም እንዳይቀርብ፣ እንዳይደውል፣ ሰው እንዳይልክ ይላል። ተራራውን ተሻግሬ እዚህ ሐይቅ ዳር ስመጣ ወረቀቱም አብሮኝ የተሻገረ መስሎኝ ነበር።

በመጣሁ ሳምንት ላስመዘግበው ሄድኩ። ኢንስፔክተሩ ሳጊንባይ ይባላል። በዕድሜ ከእኔ ያንሳል፤ ጫማው ሁልጊዜ የተወለወለ፣ ቁጣ የማያውቅ ሰው ነው። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን ገልብጦ ገልብጦ አየና፣ "እህቴ፣ ማኅተሙ የእናንተ ነው" አለኝ። የማን እንዲሆን ነበር ብለው፣ "የእኛ" አለኝ። በመላ አገሪቱ ይሠራል ተብሎ ከታች ተጽፏል አልኩት። አነበበው። "ይሠራል እንጂ፣ ማን አይሠራም አለሽ? ግን አንቺ እዚህ ነዋሪ ካልሆንሽ እኔ ማንን ነው የምጠብቀው?" አለ።

ነዋሪ ልሁን ብዬ ምዝገባ ቤት ሄድኩ። መስኮቱ ጋ የተቀመጠችው ሴት የዱባ ፍሬ እየፈለፈለች፣ የልጂቱ ስም ከአባቷ ቤት መዝገብ እንዲነሳ የአባቷ ፊርማ ያስፈልጋል አለችኝ። አባቷ እንዳይቀርበን ታግዷል አልኳት። "እሱ የሌላ ቢሮ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ መጥቶ ይፈርም፣ ከዚያ ይታገድ" አለችኝ። እየቀለደች መስሎኝ ፊቷን አየሁት። አልቀለደችም።

ተመልሼ ሳጊንባይን ለመንኩት። ለእናንተ ወረዳ ጽፌ ማረጋገጫ እጠይቅልሻለሁ አለ። ጻፈም አሉ። በሄድኩ ቁጥር መልሱ መንገድ ላይ ነው ይለኛል። የትእዛዙ ጊዜ የሚያልቀው በዚህ ወር ነው ስለው፣ "ታዲያ ካለቀማ ምኑን እመዘግበዋለሁ?" ብሎ አዘነልኝ።

ትናንት ከስፌት ቤት ስመለስ ታላይ በሩ ላይ ቆሟል። አከራዬ ራይካን ናት የከፈተችለት። ባሏ የሞተባት፣ ለሁሉ የምትራራ ሴት ናት፤ ማንነቱን አላወቀችም። ደጃፍ የቆመ ሰው ዳቦ ሳይቀምስ አይመለስም ብላ ክብ ዳቦዋን ይዛለት ወጣች። ከዚያ በፊት ግን በእጁ የነበረውን ከረጢት ተቀብላው ነበር። ከረጢቱ አፉ ላይ በሰማያዊ የሱፍ ክር ታስሯል፣ ሁለት ጊዜ ዞሮ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ ተሰክቶ። ቋጠሮውን አወቅሁት፤ እንዲህ ስትቋጥሪ እያየሁ ነው ያደግሁት። ጂቤክ ከመጋረጃው ኋላ ሆና ሁሉን አይታለች።

አልጮኸም። ቆርሶ በላ፤ መዳፉ ላይ የቀረውን ፍርፋሪ ሳይቀር ለቅሞ በላ፣ እንደ ጨዋ ሰው። ከዚያ፣ "ድንጋይ በወደቀበት ነው የሚከብደው። ቅዳሜ ልጄን ይዤ እሄዳለሁ፤ አንቺ ብትመጪም ባትመጪም" አለኝ። ሙሽራ ሆኜ ከቤት ስወጣ፣ ሴት ባገባችበት ትቀራለች ብለሽ የድንጋዩን ነገር አንቺም ነግረሽኛል። እሱ ከማን እንደሰማው አልጠየቅሁትም።

ዛሬ ጠዋት ራይካንን አስከትዬ ጣቢያ መጣሁ። ታላይ ቀድሞናል። ኮሪደሩ አግዳሚ ላይ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጦ ነበር። ባለቤቴ ቤት ዳቦ ቀመስኩ ብሎ ለሳጊንባይ ነግሮታል። ሳጊንባይ እኛን አስገብቶ በሩን ዘጋና፣ "እህቴ፣ ዳቦ ካቀመሳችሁት እንግዳችሁ ነው። በኪርጊዝ አገር እንግዳ ከደጅ ላይ ይታሰራል እንዴ? የሰፈሩ ሽማግሌ ሁሉ ይስቅብኛል" አለኝ።

ራይካን ተነሳችበት። "አንተ ልጅ፣ ያቀመስኩት እኔ ነኝ፣ እሷ መች አቀመሰችው? እኔ እኮ የጎረቤት አህያም ደጄ ቢቆም ቆርሼ እሰጠዋለሁ። አህያውንም የቤቱ ባል ልታደርገው ነው?" አለችው።

"እማማ፣ አህያው ስጦታ ይዞ አልመጣም" አላት።

እሱ ወደ እኔ ዞረ። "እንግዲህ ስሚኝ፤ ራሱ አነፍንፎ ካገኘሽ ትእዛዙን ጥሷል፤ የማንም ማኅተም ይሁን፣ ዛሬውኑ አስረዋለሁ። ዘመድ መርቶት ከሆነ ግን እርቅ ነው። እርቅ መሀል ፖሊስ አይገባም። የምትኖሪበትን ቤት ማን ያውቃል?" አለኝ።

አንድ ሰው አልኩት።

ማን አለኝ። የተቀመጠው በግራዬ በኩል ነው። ያልሰማሁ መሰልኩ። ደግሞ ጠየቀኝ፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ። ራይካን እጄን ያዘችኝ። "የኔ ልጅ፣ ተናገሪ እንጂ፤ ማንንስ ነው የምትደብቂው?" አለች። እሱ ሰዓቱን አየና፣ "በይ ውጪ ተቀምጠሽ ጻፊው። ስሙ ካልተጻፈ ቃሉ ጎደሎ ነው፤ ጎደሎ አልቀበልም" ብሎ ይህን ወረቀት ሰጠኝ።

ብጽፈው እርቅ ነው ይለኛል። ባልጽፈው ጎደሎ ነው። አላውቅም ብዬ ልጽፍ ነበር። ቁሩቱ ግን ራይካን ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቶ አለ፣ እሷም ዳቦ የነካ አፍ አይዋሽም ትላለች። እንግዲያው ላንቺ ልጻፍ አልኩ።

ላሟ ስትወልድ ወተቱን ራስሽ ጠጪው። ክረምቱ እስኪያልፍ ለእኛ ምንም አትላኪ። ዕቃሽን የሚጭነው ሾፌርም አይቸገር፣ ሌላውም። ለጂቤክ ሌላ ቦቲ እገዛላታለሁ፤ እግሯ ገና ያድጋል።

ጉልበትሽን ያጽናልሽ። ማጀትሽ ዳቦ አይጣ፣ በረትሽ ጥጃ አይጣ። ዓይንሽ የልጅ ልጅሽን ለማየት ይብቃ፤ መቼ እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ሳጊንባይ በሩን ከፍቶ ጨረስሽ ወይ ይለኛል። አግዳሚውን አሁን ነው ያየሁት፤ ታላይ የለም። መቼ እንደተነሳ ልብ አላልኩም። ጂቤክ ከትምህርት ቤት ልትወጣ ነው። ይህን አጥፌ ኪሴ ከትቼ እየወጣሁ ነው፤ እሱ ይጥራኝ። በፖስታው ጀርባ አድራሻ አትፈልጊ።

ልጅሽ