ያልገለበጥኋት ሳንቲም

ጋብሮቮ፣ መጋቢት 8

ውድ ስታመን፣

ከሁሉ አስቀድመህ ይህን እወቅልኝ፤ ሳንቲምህ እውነተኛ ናት። በብረት መቆንጠጫ፣ በሞርሳ፣ የተጨፈለቀች አይደለችም፤ ከሳንቲም ማተሚያ ቤቱ እንዲያው ሆና የወጣች ናት። የተሳሳትሁት እኔ ነኝ። ከዚህ በኋላ ደብዳቤውን ብትቀድደውም ዋናው ነገር ደርሶሃል።

የዛሬ ሰባት ዓመት፣ እሑድ ረፋድ ላይ፣ ስሕተት ያለባቸውን ሳንቲሞች የሚያሰባስበው ማኅበራችን ወደሚሰበሰብበት ንባብ ቤት ስትገባ ዛሬም ይታየኛል። አባል ከሆንህ ገና ሦስተኛ ወርህ ነበር። የባኒጻ ቂጣው ፍርፋሪ ከጢምህ ሳይራገፍ፣ ከዳቦ ቤቱ የተቀበልኸውን መልስ በመዳፍህ ይዘህ መጣህና፣ «ሜቶዲ፣ ፈረሰኛው የት ጋለበ?» ብለህ ባለ ሃያ ስቶቲንኪዋን ሳንቲም ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጥሃት። ፈረሰኛው ሊኖርበት በሚገባው ጎን «20» የሚለው ቁጥር ወደ ውስጥ ሰርጎ፣ በመስታወት እንደሚታይ ጽሑፍ ዞሮ ነበር።

ሁሉም ከበቡን። እኔ ያንን አንድ ጎን ብቻ በአጉሊ መነጽር አየሁና፣ ክፍል ውስጥ ሳስተምር እንደለመድሁት ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ «ይቺ ሌላ ሳንቲም ላይ ተደርባ በሞርሳ የተጨፈለቀች ናት። ቤቱ ሞርሳ ላለው ሰው የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው» አልሁ።

ከመካከላችን ቤቱ ሞርሳ ያለው አንተ ብቻ እንደሆንህ ሁሉም ያውቅ ነበር።

ፔንቾ በሳቅ ፈነዳ። «የጋብሮቮ ሰው ሙቀት እንዳይባክንበት፣ በር ቶሎ እንዲዘጋ የድመቱን ጭራ ይቆርጣል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ሳንቲም ከሳንቲም ሲያዳቅል ግን ገና ዛሬ አየሁ!»

አንተ አልሳቅህም። «ይሄ እጅ አርባ ዓመት ብረት ቆርጧል፤ ሰው አታሎ ግን አያውቅም» አልህ። ከዚያ ቀስ ብለህ፣ «እስቲ ገልብጣት፣ ሜቶዲ» አልኸኝ።

«ያየሁት ይበቃኛል» አልሁህ።

ኮፍያህን አንሥተህ ወጣህ። ሳንቲሟን ጥለሃት ሄድህ። ሩሴ ወዳለችው ልጅህ ዘንድ መዛወርህን እንኳ የሰማሁት ከሰው አፍ ነው።

በማኅበራችን ልማድ የሳንቲም ካርድ የሚጻፈው በአግኚው እጅ ነው። ያንተን ግን እኔ ጻፍሁት፦ «በሞርሳ የተሠራ። ያመጣው፦ ስታመን።» ከዚያም አዲስ አባል በመጣ ቁጥር የማስመሰል ሥራ ምን እንደሚመስል የማስተምረው በእሷ ነበር። መዝገቤን አገላብጬ ቆጠርሁ። ሠላሳ አንድ ሰው ስምህን አታላይ ብሎ የተማረው ከእኔ ነው።

በጥር የአገራችን ገንዘብ ሌቭ ተሰናብቶ ዩሮ ሲገባ ብዙ ሰው የቆየ ሳንቲሙን በማሰሮ እየያዘ ይመጣ ጀመር። ከእነሱ አንዷ ቢስትራ የምትባል የጥርስ ሐኪም ናት። እንደ ልማዴ ሳንቲምህን አሳየኋት። ተቀበለችኝና ገለበጠቻት።

«መምህር፣ ይሄኛውን ጎን አይተውታል?»

«ምን አለው?»

«ምንም የለውም እኮ! በሞርሳ ብትጨፈለቅ ይሄኛው ጎን ይዳጥ ነበር። ቁጥሩ ግን ጥርት ብሎ ቆሟል። በዚያኛውም በኩል ከፈረሰኛው ትንሽ ፍንጭ ከሥር በቀረ ነበር። እኔ እንኳ አንድ ጎን አይቼ ጥርስ አልነቅልም።»

ሰዎቹ ሳቁ። እኔ ወንበር ፈለግሁ። ነገሩ ቀላል ነው፤ ፊተኛዋ ሳንቲም ማተሚያው ላይ ተጣብቃ ቀርታ፣ ተከታይዋን እሷው አትማታለች። ሠላሳ ስድስት ዓመት ፊዚክስ ያስተማረ ሰው ይህን ለማወቅ ሐኪም አያስፈልገውም።

ስታመን፣ አላወቅሁም ብዬ ላመልጥ እችል ነበር። ግን ያን ዕለት ሳንቲሟን ስይዝ የታችኛው ጎን ቁጥር ሳይዳጥ በጣቴ ጫፍ ጎርበጥ ሲል ተሰምቶኛል። «መዝን፤ ገልብጥ፤ ከዚያ ተናገር» የሚለውን ግድግዳው ላይ የለጠፍሁት እኔ ነኝ። ያልገለበጥኋት የማየውን ስለፈራሁ ነው። ሠላሳ ዓመት እንዲህ ያለችውን ስፈልግ ኖሬ አንዲትም አላገኘሁም፤ አንተ በሦስት ወር ባኒጻ ልትገዛ ወጥተህ አገኘሃት። ቀናሁብህ። ይህን ቃል ለመጻፍ አራት ወረቀት አበላሽቻለሁ።

የእኛ ሳንቲሞች ዋጋ የሚያወጡት ስሕተቱ የማሽን ሲሆን እንደሆነ ታውቃለህ፤ ሰው ሆን ብሎ በእጁ ያበላሸው አንዳች አያወጣም። የእኔ ስሕተት በእጅ የተሠራ ነው።

ባለፈው እሑድ ቆሜ ይህንኑ ለሁሉም ነገርኋቸው። ፔንቾ መሬት መሬት እያየ፣ «እኔም ስቄበታለሁ፤ ጻፍለት» አለኝ። ከሠላሳ አንዱ ሰዎች ሃያ ሁለቱን በስልክ አግኝቻለሁ፤ የቀሩትን እየፈለግሁ ነው።

ሳንቲሟ አንተው ዘንድ ትመለስ። እንዳትጠፋ ፈርቼ በፖስታ አልላክኋትም፤ ከፈቀድህ ሩሴ ድረስ ይዣት እመጣለሁ፤ ቤትህ ባታስገባኝም በር ላይ አስረክቤህ እመለሳለሁ። የእኔን ካርድ ቀድጄዋለሁ። በምትኩ ባዶ ካርድ በዚህ ደብዳቤ ውስጥ አድርጌልሃለሁ። ምን እንደሆነች፣ የትና መቼ እንዳገኘሃት፣ ማን እንዳገኛት በራስህ እጅ ጻፍበት። ለእኔ አንዲት ቃል መጻፍ ካስጠላህ ካርዱን ብቻ ላከው። እርሱንም ካልፈለግህ ባዶውን መልስልኝ፤ ይገባኛል። ግን እባክህ ቶሎ መልስልኝ።

ሜቶዲ