በተራራው ዙሪያ ባለው የብስክሌት መንገድ ላይ ስለቀረው ድንጋይ

ለቡላዋን ከተማ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት
ቡላዋን

ማርች 6 ቀን 2017 እ.ኤ.አ.

ጉዳዩ፦ በልጄ ሞት ምክንያት በአቶ አምብሮሲዮ ናቫሌስ ላይ የተዘጋጀው ክስና በስሟ ሊቆም የታሰበው ሐውልት ቀርተው፣ ከሚቀጥለው አጨዳ በፊት የሩዝ ማስጫ ወለል እንዲሠራ ስለመጠየቅ

ክቡር ከንቲባ፣

እኔ ሳልባሲዮን ናሳያው የላይኛው ማባቶ ቀበሌ ነዋሪ ነኝ። ቃጫ ፈትዬ ገመድ በመሸጥ እተዳደራለሁ። ባለፈው ኦክቶበር በተራራው ዙሪያ መንገድ ላይ ከብስክሌት ወድቃ የሞተችው የአርሴሊ ናሳያው እናት ነኝ። የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የጽሕፈት ቤትዎ ሠራተኞች እንጻፍልዎ ብለውኝ ነበር፤ እኔ ግን በገዛ እጄ መጻፍ ፈለግሁ። አጻጻፌ ቢጓደል ይቅርታዎን እለምናለሁ።

1. ልጄ ተራራውን በብስክሌት ለሚዞሩ እንግዶች መንገድ ትመራ ነበር። መሥሪያ ቤትዎ የመንገዱን ዳር ለብስክሌት ብሎ በአረንጓዴ ቀለም ሲያስቀባ፣ ዝናብ በጣለ ቁጥር ከእሳተ ገሞራው ከማዮን የሚወርደው ጥቁር አሸዋ መንገዱን የት የት እንደሚያለብሰው ለቀቢዎቹ እየዞረች ያሳየችው እሷ ነበረች። ይህን ሥራ ትወደው ነበር። ሩዝ የሚያገላብጡት ሴቶች ስታልፍ ባዩአት ቁጥር፣ «አርሴሊ! አንቺ ተራራ ስትዞሪ ባል ዞሮብሽ ይሄዳል!» እያሉ ይጮኹባት ነበር። እሷም ፔዳሏን ሳታቆም፣ «ባል ከሆነ ሳይክል ገዝቶ ይከተለኛ!» ትላቸው ነበር። ይህ ለአቤቱታ የሚጻፍ ነገር እንዳልሆነ አውቃለሁ። ነገር ግን በፖሊስ ወረቀት ላይ «ሟች» ከሚለው ሌላ ስለ እሷ የተጻፈ አላገኘሁም።

2. ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት የምናርሰው መሬት ተራራው የተፋው ነው። ሩዝ ያበቅላል፤ ስጥ ግን አይሰጣበትም። መሬት ላይ የደረቀ ሩዝ ጥቁር ጠጠር ይገባበትና ነጋዴው አንድ ፍሬ በጥርሱ ሰብሮ ከረጢቱን ይመልሰዋል። ስለዚህ ከአያቶቻችን ጀምሮ፣ መንገዱ ሲሚንቶ ከለበሰበት ጊዜ ወዲህ፣ የምናሰጣው መንገድ ላይ ነው። አረንጓዴው መስመር የመጣው በኋላ ነው። ቀቢዎቹ ሰዉ ስጡን እስኪያነሳላቸው ድረስ ቆመው ጠበቁና ቀቡ። ቀለሙ ሲደርቅ ስጡ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከእናንተም ከእኛም አንድም ሰው ምንም አላለም።

3. ልጄን ስለጣላት ድንጋይ ማስረዳት አለብኝ፤ ምክንያቱም ከከተማ የመጣው መርማሪ አልገባውም። ስጥ ያሰጣ ሰው መኪና እንዳይወጣበት በዳሩ ከወንዝ ያመጣውን ጥቁር ድንጋይ ይደረድራል። ሩዙን ሲሰበስብ አንዱን ድንጋይ ትቶ ይሄዳል። ይህም የነገ ቦታዬ ነው ማለት ነው። የሰው ድንጋይ ያነሳ ሰው ድንበር እንደገፋ ይቆጠራል፤ በእኛ ቀበሌ እንዲህ ያለ ነገር አይደረግም። መርማሪው የባጃጅ ነጂውን ፒዶይን፣ «ድንጋዩን እያየህ አልፈሃል፤ ለምን አላነሳኸውም?» ብሎ ሲጠይቀው፣ ፒዶይ፣ «ጌታዬ፣ የሰው ቦታ እኮ ነው! እርስዎ የጎረቤትዎን አጥር ይነቅላሉ?» አለው። መርማሪው ያሾፈበት መሰለውና ተቆጣ። ፒዶይ ግን አላሾፈም።

4. ልጄ በሞተችበት ቀን ከሰዓት በኋላ ደመና የተራራውን ጫፍ ሸፈነው። ይህ ሲሆን መንገደኛው ሁሉ የያዘውን ጥሎ ስጥ ማንሳት ልማዳችን ነው። አርሴሊ እንግዶቿን ወደ ላይኛው ማረፊያ እየወሰደች ነበር። እነሱን ወደፊት ልካ፣ ብስክሌቷን ሣር ላይ አጋድማ፣ የአቶ አምብሮሲዮን ሩዝ አብራቸው ሰበሰበች። በቀበሌያችን ቲዮ አምቦ የምንላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ብቻቸውን ይኖራሉ። ከረጢቱን አስረው ሲጨርሱ ልጄ፣ «ቲዮ፣ ድንጋዩንም ላንሳልዎት?» አለቻቸው። እሳቸውም፣ «ተዪው ልጄ፤ እነ ቶኒያ ነገ በጠዋት መጥተው ቦታዬን ይይዙብኛል» አሏት። «ውይ ቲዮ! የእርስዎን ቦታማ ማን ይደፍራል?» ብላ ስቃ ብስክሌቷ ላይ ወጣች።

ያን ጊዜ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። ይህን ንግግር ለፖሊስ የተናገሩት ራሳቸው ቲዮ አምቦ ናቸው። ዝም ቢሉ ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር።

ልጄ እንግዶቿን አድርሳ ስትመለስ ዝናቡ አሸዋውን አውርዶ አረንጓዴውን መስመር ሸፍኖት ነበር። መንገዱም ጥቁር፣ ድንጋዩም ጥቁር ሆነ። ቁልቁለቱ ላይ የፊት ቸርኬዋ ድንጋዩን መታው። ሐኪሙ ወዲያው ነው ያለፈችው ብሎኛል። እናት ሁሉ እንዲህ ይነገራት እንደሆነ አላውቅም።

5. በለቅሶው ሰሞን፣ ሰው ሁሉ ግቢያችን ተቀምጦ ሳለ፣ ቲዮ አምቦ አንድ ከረጢት ሩዝ ተሸክመው በር ላይ ቆሙ። ልጄ የሰበሰበችው ሩዝ ነበር። ለለቅሶ ቤት ሩዝ ማምጣት ደንብ ነው፤ ከዚያ ሩዝ ሌላ ደግሞ አልነበራቸውም። እኔ ግን ማየት አልቻልኩም። «ይዘውት ይሂዱ» አልኳቸው። «ሳልባ፣» አሉኝ፣ «ስደቢኝ፤ ከፈለግሽ በዚህ እንጨት ምቺኝ። ብቻ እንዲህ ዝም አትበዪኝ።» ትቻቸው ወደ ቤት ገባሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነጋገርንም። ሩዙን ወደ ቤታቸው መልሰው እንዳላሰጡት፣ ከረጢቱ ውስጥ እንዳለ በቅሎ እንደተጣለ ከሰው ሰማሁ።

6. በጃንዋሪ ወር ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ተጠርቼ ነበር። አንዲት ትሁት ሠራተኛ፣ «እማማ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙልኝ፤ ሌላውን እኛ እንጨርሰዋለን» አለችኝ። አነበብኩት። በቸልተኝነት ሰው መግደል ይላል፤ ማስረጃው ደግሞ ቲዮ አምቦ በገዛ አፋቸው የተናገሩት ነው። አልፈረምኩም።

ስላልፈረምኩ በቀበሌው የሚወራውን ክቡርነትዎ ሰምተው ይሆናል። አንዷ ጎረቤቴ ገበያ መሐል፣ «ሳልባ፣ ሽማግሌው ስንት ከረጢት ላኩልሽ?» ብላኛለች። ምንም አልተቀበልኩም። ይቅር ብያቸውም አይደለም። ይቅርታ በወረቀት የሚመጣ ቢሆን ኖሮ ፈርሜ እገላገል ነበር። በመንገድ ሳያቸው አሁንም ፊቴን አዞራለሁ። ነገር ግን ክሱን ሳነብ ጥፋተኛውን ፈልጌ አላገኘሁትም። ድንጋዩን ያስቀመጡት እሳቸው ናቸው፤ ፒዶይ አልፎታል፤ የቀበሌው ጠባቂ አልፎታል። ልጄም፣ ላንሳልዎት ብላ ጠይቃ፣ ተዪው ስትባል ትታዋለች፤ በዚህ ቀበሌ ተወልዳ ያደገች ናትና። እሳቸው ከታሰሩ ሁላችንም ድነናል ብለን ቤታችን እንገባለን፤ ድንጋዩ ግን እዚያው መንገድ ላይ ይሆናል።

7. በመንገዱ መግቢያ የልጄ ስም የተቀረጸበት ሐውልት ለማቆም፣ መንገዱንም «የአርሴሊ መንገድ» ለማለት መታሰቡን በደብዳቤ ነግረውኛል። ስላሰቡልን አመሰግናለሁ። ሆኖም በዚያ መንገድ ዳር ሌላ ድንጋይ እንዲቆም አልፈልግም። ስሟን የሚያስታውስ ሰው አላጣችም።

8. ስጥ ማስጣት ክልክል ነው የሚለው ሰሌዳ ተተክሏል። ተክላችኋል ብዬ አልወቅስም። ነገር ግን ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ከሰሌዳው ሥር ማሾ ተሰጥቶ፣ ዳር ዳሩን ድንጋይ ተደርድሮ አየሁ። ያሰጣችው ሴት ደንግጣ፣ «ማናይ ሳልባ፣ እህቴ፣ አሁን አነሳዋለሁ፤ ትንሽ ፀሐይ ብቻ ላስመታው» አለችኝ። ምን ልበላት? የት ታስጣው? በኤፕሪል ሩዙ ሲደርስ ሰዉ በሙሉ እዚያው መንገድ ላይ ይወጣል። በቀን ከተከለከለ ማንም በማያይበት ሰዓት ያሰጣል፤ ይህ ደግሞ የባሰ ነው።

9. ሁለተኛ ልጅ አለችኝ፤ ሌርማ ትባላለች። የእህቷ ብስክሌት ከፖሊስ ጣቢያ ከተመለሰ ጀምሮ ከአጠገቡ አትርቅም። ባለፈው ወር፣ «እማዬ፣ ቸርኬውን ብቻ ላቃናው፤ ዝገት እንዳይበላው ነው እንጂ አልወጣበትም» አለችኝ። ውሸቷን እንደሆነ አውቃለሁ። አርሴሊም ለመጀመሪያ ጊዜ ብስክሌት ስትዋስ እንዲሁ ነበር ያለችኝ። እንግዶቹ እንደገና መምጣት ጀምረዋል፤ መንገድ የሚመራቸው ይፈልጋሉ፤ ከሌርማ በቀር ዙሪያውን የምታውቅ ሴት ልጅ በቀበሌው የለም።

ስለዚህ ክቡርነትዎን በትሕትና የምጠይቀው የሚከተለውን ነው።

ሀ. በእኔ ስም በአቶ አምብሮሲዮ ናቫሌስ ላይ የተዘጋጀው ክስ እንዲቆም። በስሜ የሚቀርብ ክስ እንዲኖር አልፈልግም።

ለ. ለሐውልቱ የተያዘው ሲሚንቶና ገንዘብ ለሩዝ ማስጫ ወለል እንዲውል። ቦታ የለም እንዳይባል፣ ከቤታችን በታች ያለውን፣ መንገድ ዳር የሚገኘውን ጠፍ መሬት ለቀበሌው ያለ ክፍያ እሰጣለሁ። ባለቤቴም ተስማምቷል። አርሴሊ ስታገባ ቤት እንድትሠራበት ያስቀመጥንላት መሬት ነው። ፀሐይ ከጠዋት እስከ ማታ ይመታዋል፤ ለስጥ ይሆናል። ወለሉ ላይ ምንም ስም እንዳይጻፍ አደራ እላለሁ።

ሐ. ወለሉ ከተሠራ በኋላ መንገድ ላይ የቀረ ድንጋይ የማንም ቦታ አለመሆኑን፣ ያየ ሰው ሁሉ እንዲያነሳው፣ ክቡርነትዎ ራስዎ ቀበሌያችን መጥተው በስብሰባ እንዲናገሩልን። ይህ ከእርስዎ አፍ መውጣት አለበት። እኔ ብናገረው የሐዘንተኛ ቃል ነው ይሉና አልቅሰውልኝ ይበተናሉ። ሰሌዳ ደግሞ ማን ያነባል?

ከተቻለ ከአጨዳው በፊት፣ ባይቻል እንኳ መሠራቱ ወይም አለመሠራቱ ተለይቶ እንዲነገረኝ እለምናለሁ። ሌርማ ቸርኬውን አቃንታ፣ ብስክሌቱን ከቤቱ ግድግዳ አስደግፋ አቁማዋለች። በየጠዋቱ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች። እስካሁን ሂጂም፣ አትሂጂም አላልኳትም። የምላትን ከመሥሪያ ቤትዎ እጠብቃለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
ሳልባሲዮን ናሳያው
ላይኛው ማባቶ ቀበሌ

ግልባጭ፦
ለላይኛው ማባቶ ቀበሌ ጽሕፈት ቤት
ለአቶ አምብሮሲዮ ናቫሌስ፤ ማንበብ ስለማይችሉ እኔው ሄጄ አነብላቸዋለሁ