ስንሻው በረዶ ያየ ሰሞን

ለእታለም ሙሉ፣ ይፋግ

የደጋው ብርድ ሳይነካሽ ሰላምታዬ ይድረስሽ። እኛ መድኃኔ ዓለም ይመስገን፣ ደኅና ነን።

ስንሻው በረዶ አይቶ አያውቅምና ቅዳሜ ሁላችንም ይዘነው ጉና ወጣን። ታላቅ ወንድሙ ሙላቴ ቁርበት ላይ አስቀምጦ ቁልቁል ሲያንሸራትተው በሳቅ ፍርስ አለ። ስንመለስ ሙላቴ፣ ብርዱ ተስማምቶኛል ብሎ እዚያው ቀረ።

ትናንት የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር፣ ለዘመቻ የደረሰ ወጣት እየጠየቁ ከአንድ ታጣቂ ጋር መጡ። ሙላቴ ለሰሊጥ አጨዳ ቆላ ወርዷል አልኋቸው። ስንሻው ግን እጃቸውን ይዞ «ሙላቴ በረዶ፣ ሙላቴ በረዶ» አላቸው። እሳቸው ሳቁ። ታጣቂው አልሳቀም፤ ቀና ብሎ ጉናን አየ።

ስንሻውን አባቱ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያደርስልሻል። አገርሽ ሙቀት ነው፤ ቶሎ ይረሳል። ዘመድ አዝማዱን ሳሚልኝ። አደራሽን እታለም፣ ስለ በረዶ አታጫውቺው።

እህትሽ ውዴ