የአባ ጃዋ ፈረስ በአርባው ቀን

ለእኅቴ ለሕብረት ዓምደሚካኤል፣

እታለም፣ እንደምን ሰነበትሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ወገብሽ ተሻለሽ ወይስ የቤይሩት ደረጃ አሁንም ሲያስወጣሽ ሲያስወርድሽ ይውላል? እንቅልፍስ ይወስድሻል? እማዬም፣ ጋሼ ማዘንጊያም፣ እኔም ቆመን እንሄዳለን። "ደኅና ነን" የምትለዋን ቃል ግን ለጊዜው ለጎረቤት አውሰናታል፤ ስትመለስልን እጽፍልሻለሁ።

አባዬ እንዴት እንደተለቀሰለት ንገረኝ ባልሽኝ ቁጥር አንቺ ስልኩ ላይ ታለቅሻለሽ፣ እኔ ደግሞ ቀልድ ይመጣብኛል፣ ከዚያ ተቆጥተሽ ትዘጊዋለሽ። ስለዚህ ጻፍኩት። የኦቦ ጋሩማ ልጅ ሊሊሴ ወዳንቺ አገር ስለምትመጣ በእጇ ይደርስሻል። ፊደል ብገድፍ አትፍረጂብኝ፤ ስምንተኛ ክፍል ወዶኝ አልለቅም ማለቱን ታውቂያለሽ።

የቀብሩ ዕለት ከአንገር ጉቲን ሁለት አይሱዙ ሙሉ ሰው መጣ። አባዬ ያንን ሁሉ ዘመን በጃዋ ሞተር ሳይክሉ በጭቃና በኮረኮንች እየተንገጫገጨ ከብቶቻቸውን የከተበላቸው ሰዎች ናቸው። ዓምደሚካኤል ብለው ጠርተውት አያውቁም፤ እንደ ድሮ ፈረሰኛ በፈረሱ ስም "አባ ጃዋ" ነው የሚሉት። ከቀብር መልስ ሽማግሌው ኦቦ ባቻ ድንኳኑ መሐል ተነሥተው፣ "በፈረሱ ስም የተጠራ ሰው ፈረሱ ሳይወጣ ይለቀስለታል እንዴ? እኛ ገና አላለቀስንም" አሉ። ጋሼ ማዘንጊያ አንገቱን ደፋ። የታላቅ ወንድሙ ክብር ነዋ! ለአርባው ጃዋው በራሱ እግር እየሄደ እንደሚመጣ እዚያው በሰው ፊት ቃል ገባ።

ጃዋው ደግሞ አባዬ ከታመመ ጀምሮ ከጓሮ ቆሞ አይጥ ቤት ሆኖ ነበር። አባዬ ከመንግሥት እርሻ የተጣለውን ሞተር ሳይክል አንሥቶ የአይሱዙ መብራት፣ የአውቶቡስ ክላክስ፣ ከኋላው የክትባት ሳጥን ገጥሞለት፣ ፋብሪካው ቢያየው የማን ልጅ ነህ ብሎ የሚጠይቀው ዓይነት ሆኖ እንደነበር ታስታውሻለሽ። ጋሼ "ፈረስም ማቅ ይለብሳል" ብሎ ጥቁር ቀለም ገዛ። እኔና ባጃጅ የሚጠግነው ጓደኛዬ ሌንጮ ሽቦውንም ባትሪውንም አውርደን፣ ብረቱን አንድም ቦታ ሳናስቀር ቀባነው። እንዴት ያምር ነበር መሰለሽ!

ከዚያ መልሰን ገጠምነው። አይጥ የበላውን ሽቦ ቀየርን፣ አዲስ ባትሪ አስገባን፣ ቁልፉን አዞርን፤ ዝም። ፊውዙን አየን፣ ደኅና ነው። የቁልፉን ቤት ፈትተን አጸዳን፤ ዝም። ካንዴላው እሳት የለው፣ መብራቱ የለ፣ ክላክሱ የለ። አርባው ደግሞ በማግስቱ ነው። ጋሼ በመጣ በሄደ ቁጥር "እህስ?" ይላል፤ እኔ "እያሰበበት ነው" እላለሁ። የምቀልደው እንዳላለቅስ ነበር፣ እታለም።

በመጨረሻ ሌንጮ ሁለት ሽቦ ያላት አምፖል አመጣ። ከባትሪው ሁለት ራሶች ጋር ሲያገናኛት ቦግ አለች። አንዱን ሽቦ ከባትሪው ነቅሎ የሞተሩን ብረት ሲያስነካው ጭልም። "አንተ ነብዩ፣ ማሳው!" ብሎ ጮኸ። ኤሌክትሪኩ ሥራውን ጨርሶ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በብረቱ በኩል ነው፤ ያንን ነው ማሳ የሚሉት። እኛ የባትሪው ሽቦ የሚታሰርበትን ቦታ ሳይቀር ቀብተን መንገዱን ዘግተንበታል። "በሐዘን አንቃችሁ ገደላችሁት" አለ ሌንጮ፤ ራሱ እንዳልቀባ።

ቀለሙን በካራ ልንፍቅ ስንል ጋሼ መጣ። "በአርባ ዋዜማ ማቅ ትገፍፋላችሁ? ሟርት ነው! ይቅር፣ እየገፋን እናመጣዋለን" አለ። "በራሱ እግር ይመጣል ብለህ የለ?" አልኩት። ካራውን ከሌንጮ እጅ ወሰደ። "ወንድም ዓለም፣ ይቅር በለኝ" እያለ፣ የባትሪው ሽቦ ቡሎን የሚቀመጥበትን ቦታ ብቻ ብረቱ ነጭ እስኪሆን ፋቀው። እንባው እላዩ ላይ ይንጠባጠባል። "ጋሼ፣ ያዝገዋል" አልኩት። በካልቾ አለኝ። ሽቦውን አሥረን ቁልፉን ብናዞረው ያ የአይሱዙ መብራት ግድግዳውን ነጭ አደረገው።

በማግስቱ ከፍትሐት በኋላ ሰው ሁሉ ድንኳን ሲገባ፣ የአባዬን ጋቢ ኮርቻው ላይ አንጥፈን፣ ኮፍያውን መሪው ላይ አሥረን፣ እኔ እየነዳሁ፣ ጋሼና ሌንጮ ግራና ቀኝ ይዘው ከመንገዱ ጫፍ በቀስታ መጣን። የአንገር ሰዎች ከሩቅ ሲሰሙት "አባ ጃዋ! አባ ጃዋ ኮ፣ አባ ጃዋዬ!" እያሉ ወጥተው ደረታቸውን ይመቱ ጀመር። እንደዚያ ሲለቀስ አይቼ አላውቅም። በራችን ላይ ስደርስ፣ አባዬ ማታ ሲገባ በር ለማስከፈት እንደሚያደርገው ክላክሱን ነካሁት።

እማዬ ከሴቶቹ መሐል ብድግ አለች። "መጣሁ፣ መጣሁ" እያለች ነጠላዋን እያስተካከለች መጥታ ገርበብ ያለውን የግቢ በር ወለል አድርጋ ከፈተችው። ኮፍያውን አየችው፣ ጋቢውን አየችው፣ ከዚያ እኔን። "ነብዩ፣ አንተ ነህ እንዴ?" አለችኝ። ሞተሩን አጥፍቼ ወረድኩላት።

ሲመሽ የክላክሱን ሽቦ ነቀልኩት። ሌላው ሁሉ ይሠራል።

እማዬ "ልጄ በደንብ ትብላ" ትላለች፣ ጉንጭሽን ትስማለች። ጋሼ ማዘንጊያ ለጤናሽ ይጸልያል። ሌንጮም ሰላም ብሎሻል፤ የሊሊሴ እናትም እንደዚሁ። እኔም አንገትሽን አቅፌ እስምሻለሁ፣ ሳልቀልድ።

ወንድምሽ ነብዩ
ነቀምቴ፣ ጥር 9 ቀን 2017 ዓ.ም.