በሚያምረው ጽሕፈትሽ የሄደው ማመልከቻ

እህቴ፣

«ሐሙስ መሄድሽ የግድ ነው ወይስ ከተመቸ ብቻ?» ብሎ አለቃዬ ማመልከቻዬን እያሳየ ሲጠይቀኝ ያንቺን ጽሕፈት መልሼ አነበብኩት።

ሆቴላችን ማመልከቻ በእንግሊዝኛ ካልሆነ አይቀበልም። እኔ በገዛ እጄ «ማስት» ብዬ ነበር የጻፍኩት። ልጄ በቀዶ ጥገና ልትወልድ ነው፤ የግድ ነው። የማታ አስተማሪያችን ለግዴታ ማስት፣ ፈቃድ ለመለመን ሜይ ብላ አስጠንታናለች። አንቺ ግን «ኧረ እትዬ፣ አለቃ ላይ ማስት ይባላል? ከሥራ ልትባረሪ ነው!» ብለሽ ሳቅሽብኝ። ማስቱን በሜይ ቀይረሽ፣ «ካልተመቸም ግድ የለም» የሚል ጨምረሽ ገለበጥሽልኝ።

መቼ ነው ግድ የለም ያልኩሽ?

እርግጥ የራሴ ጽሕፈት ስለሚያሳፍረኝ ያንቺን ሰጠሁት። እሱ የኔ ጥፋት ነው።

የሆቴሉ ልብስ ተኳሿም ለዚያው ቀን ፈቃድ ጠይቃ ነበር። የሷ ወረቀት በተንጋደደ ፊደል ማስት ይላል። ሁለታችንን ባንዴ መልቀቅ ስለማይችል ለሷ ፈቀደላት።

ውሃ ረፋዱ ላይ ይጠፋል፤ ባልዲውን ሙዪ።

የሕፃኑ ልብስ አልጋዬ ላይ፣ ሰማያዊው ቦርሳ ውስጥ አለ። ዛሬ ሐሙስ ዕረፍትሽ ስለሆነ ሆስፒታል አንቺ ሂጂልኝ። ልጄ ስትነቃ እጇን ያዢልኝ። «እናቴስ?» ካለችሽ ነገሩን አታሳምሪው፤ አልፈቀዱላትም በያት።

ልብስ ተኳሿ ትናንት ማታ ሄዳለች። የቀረሁት እኔ ነኝ።