የቆመው የአባትህ እግር ነው

ጎንደር፣ ጥር ፳፩ ቀን ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.

ጅማ ለሚያስተምረው ለልጄ ለዋኘው ይድረስ፤

እንዴት ሰንብተሃል? እኔስ ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽም። ያለፈው ደብዳቤህ አራት መስመር ነበር፤ ሦስቱ ሰላምታ። ያስተማሪ ቀለም እንዲህ ውድ ነው እንዴ? እኔ አባትህ ተማሪ ፊደል ሲያስቆጥር ከጓዳ ሆኜ የለቀምኩ ሴትዮ፣ ይኸው ወረቀቱን በጀርባውም ልጽፍበት ነው።

ያባትህን ነገር ከሰው ከምትሰማ ከኔ ስማው። ባለፈው ክረምት እግሩ ከመሬት ይጣበቅ ጀመር። ሊወጣ ይነሳል፤ ደጃፉ ላይ ሲደርስ እንደ ካስማ ቀጥ። «ምነው ቆምክ?» ስለው «ልሄድ ነው» ይላል። እንደቆመ ምሳ ይደርሳል። ነገርም ይጠፋበታል፤ ጫማውን ከሊጥ ማቡኪያው ውስጥ አግኝቸዋለሁ። የድጓውን ዜማ ግን አንዲት ሐረግ አይስት!

እየጎተትኩ ከጤና ኮሌጁ ፈረንጅ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። ባስተርጓሚ እንዲህ አለኝ፦ አንጎል ውስጥ ከጸጉር የቀጠኑ የደም ሥሮች አሉ፤ በእርጅናና በደም ብዛት ግድግዳቸው እየወፈረ ይጠባሉ፤ ደም ያልደረሰው ቦታ እዚህም እዚያም ይደርቃል፤ እግርም ሐሳብም በዚያው ይዘገያል። ገባኝ። ደንብያ አገር ወንዙ ሳይደርቅ የመስኖው ቦይ በደለል እንደሚደፈነው ነው። «ታዲያ ቦዩን ጥረጉልኛ!» አልኩት። «አይጠረግም። ጨው ቀንሺለት» አለኝ። ቀነስኩ። አባትህ ወጡን ቀምሶ ለጎረቤቱ ሁሉ «ይመኙሽ ጃጀች፤ ጨው መጨመር ረሳች» ብሎ አወራብኝ!

መላውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ደጃፍ ላይ እንደተገተረ የጎረቤት ሰርግ ከበሮ ተመታ። ያ የተጣበቀ እግር ብድግ! ማኅሌት ላይ እንዳለ ሰው እየተወዛወዘ ግቢውን አቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ከበሮውን ከግድግዳ አውርጄ እየመታሁ እነዳዋለሁ። ለተ ማርያም ባጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «እትዬ ይመኙሽ፣ ዛሬም ሰርግ ነው?» ትለኛለች። «አዎ፣ ሙሽራው ጓሮ ሊሸና ነው» እላታለሁ።

ይኸን ጊዜ ግራ ጌታ አላምረው፣ ያ ያባትህን ቦታ ሲመኝ ጸጉሩ የሸበተ፣ ከደብሩ አለቃ ከወልደ ዮሐንስ ዘንድ ገባ። «መሪጌታ ሐብተ ማርያም መራመድ አቅቷቸዋል፤ ቆሞ የሚመራ የት አለ?» አለቃም ፈረዱ፦ የከተራ ዕለት ታቦቱን ፊት ፊት እየመራ ቀሐ ወንዝ ከደረሰ መሪጌትነቱ ይጸናለታል፤ ካልደረሰ ቦታው ላላምረው። አርባ ዓመት ያገለገለ ሰው እንደ ገበያ በቅሎ በእግሩ ሊገመት! ከማኅሌቱ ከለዩት ዓመት እንደማይቆይ አውቃለሁ። ግን መንገዱ ሁሉ ከበሮ ነውና ልቤ ደፈረ።

ዕለቱ ሲደርስ ሸጋ አድርጎ ወረደ። መቋሚያውን እያወዛወዘ፣ እኔ ከሴቶቹ ጋር ከጎን ከጎን። ቁልቁለቱ ላይ አንዲት ጠባብ ቦይ አለች። ከበሮ መቺዎቹ ሊሻገሩ ከበሮውን አቀፉት፤ ድምፁ ተቋረጠ። አባትህ ቦዩ አፋፍ ላይ ቀጥ። ከኋላው ካህናቱ ቆሙ፤ ታቦት የተሸከሙትም ቆሙ።

አንዱ «ታቦቱ አልሄድም አለ!» ብሎ ጮኸ። አለቀልኝ! ታቦት ቆመ ከተባለማ የተጣላ ሰው አለ ማለት ነው፤ ካልታረቀ አይነሳም። ሕዝቡ እግዚኦ እያለ ተደፋ። አንዱ የወንድሙን ድንበር መግፋቱን፣ አንዷ የጎረቤቷን ዶሮ ማረዷን ተናዘዙ። ለተ ማርያም ሳትቀር እግሬ ላይ ወድቃ «አምቼዎታለሁ፤ ይማሩኝ!» አለች። በመጨረሻ አላምረው ድንጋይ ባንገቱ ተሸክሞ ካባትህ እግር ሥር ተንበረከከ። «በቦታዎ ቀንቼ ነው፤ ይፍቱኝ የኔታ!»

አባትህ ቁልቁል አየውና፣ «ተነስ እባክህ። የቆመው ታቦቱ አይደለም፤ የኔ እግር ነው» አለ። ያውም ጮክ ብሎ! ስንት ወር የደከምኩበትን ባንድ ቃል ናደው። አለቃ ግን እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። «ትሕትናቸውን አያችሁ? ተአምሩን በእግራቸው አሳበው ሊሸሽጉት!» ሕዝቡ የባሰውን እልል አለ።

ከልጃገረዶቹ አንድ ከበሮ ነጥቄ መታሁ። አባትህ ቦዩን ተሻገረ፤ ታቦቱም ተከተለ። «እስከ ዕለተ ሞታቸው ከቦታቸው የሚነካቸው የለም» ተባለ። ረታሁ! አሁን በሽተኛ ሳይቀር እያመጡ ጉልበቱን ያስሙታል።

አንተ አትምጣ። ባመቱ እኩሌታ ፈቃድ እንደማይሰጡህ፣ መንገዱም ሩቅ እንደሆነ አውቃለሁ። ብቻ ትናንት እንደወትሮው መታሁለት፤ አልተነሳም። ደግሜ መታሁ። ቁጭ ብሎ፣ ለእንግዳ ሴት እንደሚደረገው፣ በትሕትና ፈገግ አለልኝ። አመታቴ ተበላሽቶ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። እኔ የምመታው በግምት ነው፤ ትክክለኛውን ከሱ ከራሱ የተማርከው አንተ ነህ።

የጥምቀቱ በረከት ጅማ ድረስ ይድረስህ። ጠላትህ አፉ ይያዝ፤ ተማሪህ ከአንተ ይብለጥ።

በነገር ተረትታ የማታውቅ እናትህ፣
ይመኙሽ